ዓሣው ለመራባት ሲሰበሰብ፦ የኮድና የጣና ነጭ ዓሣ መመናመን

ሀገር ቤት ሳለን ስለ ኮድ ዓሣ የነበረን ዕውቀት በልጅነታችን በማንኪያ እየተለካ ከሚሰጠን የዓሣ ዘይት ያለፈ አልነበረም። ዘይቱ በሰሜን አትላንቲክ ውቅያኖስ ከሚኖር ኮድ ከሚባል ዓሣ ጉበት የሚወጣ መሆኑን የተረዳነው ከተሰደድን በኋላ ነው። ዓሣው እንደተመናመነ፣ መመናመኑም በካናዳ ጠረፍ የሚኖረውን ሕዝብ ምን ያህል እንደጎዳ ደግሞ ከዚያም ዘግይተን አነበብን። ይሁን እንጂ ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሣን ኮዱ ብቻ አይደለም። የኮዱን ታሪክ በተመለከትን ቁጥር አሳባችን ወደ ጣና ሐይቅ ይመለስ ነበር። በባሕር ዳር ገበያ «ነጭ ዓሣ» እየተባለ በሚሸጠው የጣና ዓሣ ላይ ካለፉት አርባ ዓመታት ወዲህ የደረሰው ነገር፣ በመጠን እጅግ የሚያንስ ቢሆንም፣ በአካሄዱ ኮዱ ከደረሰበት ጋር በብዙ ይመሳሰላል።

የምንኖረው በዳላስና በፎርት ዎርዝ አካባቢ ሲሆን የባሕሩ ጠረፍ በመኪና የአምስት ሰዓት ያህል መንገድ ነው። ስለዚህ ዓሣን የምናውቀው በአብዛኛው ከሱቅ ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን የቆየ ክርክር ለሊቃውንቱ እንተወውና፣ ዐቢይ ጾም ሲገባ በየሐበሻው ምግብ ቤት የዓሣ ጥብስና የዓሣ ጉላሽ የሚጠይቀው ሰው ቁጥር ከፍ ይላል። የሚቀርበው ዓሣ አብዛኛውን ጊዜ በረዶ ሆኖ ከሩቅ ምሥራቅ የመጣ፣ በእርባታ የተገኘ ቲላፒያ ነው። ዓሣው እንዲህ በካርቶን ታሽጎ ሲመጣ ከየት ውኃ፣ በየትኛው ወቅት፣ በምን ዓይነት መረብ እንደተያዘ ማንም አይጠይቅም። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ግን ይኸው የማይጠየቀው ጥያቄ ነው።

ለማስረዳት የምንሞክረው አንድ ነገር ነው። የዓሣ ሀብት የሚመናመነው ብዙ ስለተያዘ ብቻ ሳይሆን የትና መቼ እንደተያዘም ጭምር ነው። በተለይም ዓሣው ዕንቁላሉን ለመጣል በአንድ ሥፍራ በሚሰበሰብበት ወቅት መረብ ሲዘረጋበት፣ ጉዳቱ ከዓሣ አስጋሪውም፣ ከነጋዴውም፣ ከመንግሥቱም ዓይን ተሰውሮ ለዓመታት ይቆያል። ምክንያቱም ሀብቱ እያለቀ ሳለ መረቡ ሙሉ ሆኖ መውጣቱን አያቆምም። አንባቢ እንዳይደናገር፣ በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን እንገልጻለን።

የኮዱ ታሪክ በአጭሩ

ጆን ካቦት የተባለው መርከበኛ በ1497 የኒውፋውንድላንድን ጠረፍ ካየ ወዲህ፣ የአውሮፓ ዓሣ አስጋሪዎች በዚያ ባሕር ለአራት መቶ ተኩል ዓመታት ያህል ኮድ ሲያሰግሩ ኖረዋል። በመንጠቆም፣ በትንንሽ ጀልባም፣ በጠረፍ አጠገብ በሚተከል ወጥመድም ይይዙት ነበር። በየዓመቱ የሚያዘው ዓሣ ብዙ ነበር፤ የሚቀረው ግን ከዚያ ይበልጥ ነበር። ክረምቱና ጥልቀቱ ለዓሣው መሸሸጊያ ሆነው ቆይተዋልና።

ይህ መሸሸጊያ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ተደፈረ። በባሕሩ ወለል ላይ ግዙፍ መረብ የሚጎትቱ፣ የያዙትንም ዓሣ እዚያው ቆራርጠው በበረዶ የሚያስቀምጡ፣ እንደ ፋብሪካ የሚቆጠሩ መርከቦች ከአውሮፓና ከሶቪየት ኅብረት መጡ። በ1968 ከዚያ አካባቢ የተያዘው ኮድ 810 ሺህ ቶን ያህል ደረሰ። ያን ያህል ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ተይዞ አያውቅም። ከዚያ ወዲህ ምርቱ ማሽቆልቆል ጀመረ። ካናዳ በ1977 የባሕር ወሰኗን እስከ 200 የባሕር ማይል አስፍታ የውጭ መርከቦችን ባራቀች ጊዜ ችግሩ የተወገደ መስሎ ነበር። ነገር ግን በወጡት ፈንታ የካናዳውያኑ የራሳቸው መረብ ጎታች መርከቦች ተተኩ።

የነገሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። ኮድ ዕንቁላሉን የሚጥለው በክረምቱ መጨረሻና በጸደይ ከጠረፉ ርቆ፣ ጥቅጥቅ ባለ መንጋ ተሰብስቦ ነው። መርከቦቹ የድምፅ ሞገድ እየላኩ ዓሣ በሚፈልግ መሣሪያ እየተመሩ በቀጥታ ወደዚህ መንጋ ይሄዱ ነበር። የዓሣው ጠቅላላ ቁጥር በግማሽ፣ ከዚያም በሩብ ሲቀንስ እንኳ የቀረው አንድ ላይ ስለሚሰበሰብ፣ አንድ መርከብ በአንድ ሰዓት የሚይዘው መጠን እምብዛም አልጎደለም። የሀብቱን መጠን ይገምቱ የነበሩት የመንግሥት ባለሙያዎች ደግሞ ለስሌታቸው ከሚጠቀሙባቸው ነገሮች አንዱ ይኸው የመርከቦቹ የሰዓት ምርት ነበር። ይህም የአንድን ወረዳ ሕዝብ በገበያ ቀን ከገበያው መካከል ቆሞ እንደ መቁጠር ይሆናል። የወረዳው ሰው ቢሰደድና ቢያልቅ እንኳ ገበያው መካከል ትከሻ ለትከሻ የሚጋፋ ሰው አይጠፋምና ቆጣሪው ሁሉም ደኅና ነው ብሎ ይመለሳል።

በጠረፉ የሚኖሩት ባለ ትንንሽ ጀልባ ዓሣ አስጋሪዎች ግን ነገሩን ቀድመው አይተውት ነበር። በ1980ዎቹ ዓመታት ወደ ባሕሩ ዳርቻ የሚመጣው ዓሣ እያነሰና ቁመቱም እያጠረ መሄዱን ደጋግመው ተናገሩ። ገበያው የደረቀባቸው ዳር ያሉት ሰዎች እነርሱ ነበሩ። አቤቱታቸው ግን እንደ ጥናት አልተቆጠረላቸውም። በመጨረሻ ጁላይ 2 ቀን 1992 የካናዳ የዓሣ ሀብት ሚኒስትር ጆን ክሮስቢ ኮድ ማስገር መከልከሉን አስታወቁ። ወደ 30 ሺህ የሚጠጋ ሰው በአንድ ጊዜ ሥራ ፈታ። ክልከላው ለሁለት ዓመት ይቆያል ተብሎ ነበር፤ የተነሣው ግን ከ32 ዓመት በኋላ፣ በ2024 ነው። ያን ዓመት እንዲያዝ የተፈቀደው 18 ሺህ ቶን ሲሆን፣ ዓሣው ገና አላገገመም የሚሉ ተመራማሪዎች ያንኑም ነቅፈውታል።

እርግጥ ነው፣ ለኮዱ መመናመን ሌሎች ምክንያቶችም ይጠቀሳሉ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ውኃው ከወትሮው ይበልጥ ቀዝቅዞ ነበር፤ ኮዱ የሚመገበው ካፕሊን የተባለ ትንሽ ዓሣም አንሶ ነበር። ሆኖም ሀብቱ እንደቀድሞው ሙሉ ቢሆን ኖሮ ቀዝቃዛ ዓመታትን አሳልፎ ለመኖር አይሳነውም ነበር፤ ባለፉት መቶ ዓመታት ውስጥም ብዙ ቀዝቃዛ ዘመን አሳልፏል።

ጣናና ነጭ ዓሣው

አሁን ወደ ራሳችን ሐይቅ እንመለስ። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል። ስፋቱ ከ3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ቢሆንም እጅግ ጥልቅ የሆነው ሥፍራ ከ14 ሜትር አያልፍም። ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰ ድንጋይ ውኃውን ገድቦት የተፈጠረ ሐይቅ ሲሆን፣ የዓባይ ውኃ ከሐይቁ ወጥቶ ጥቂት እንደተጓዘ በጢስ ዓባይ ፏፏቴ 40 ሜትር ያህል ይወረወራል። ከታች የሚመጣ ዓሣ ይህን ገደል ሊወጣው አይችልም። በዚህም ምክንያት በሐይቁ ውስጥ ያለው ዓሣ ከቀረው የዓባይ ወንዝ ዓሣ ተለይቶ ለብዙ ሺህ ዓመታት ለብቻው ኖሯል። የሐይቁን ደለል የመረመሩ ሊቃውንት ጣና ከ16 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ደርቆ እንደነበረና በኋላ እንደገና እንደሞላ አረጋግጠዋል። ከዚህ እንደምንረዳው፣ በሐይቁ ውስጥ የምናያቸው ልዩ ዝርያዎች የተፈጠሩት በሥነ ፍጥረት ታሪክ ሲመዘን ከዓይን ጥቅሻ በማይበልጥ ጊዜ ውስጥ ነው።

እነዚህ ዝርያዎች ተመራማሪዎች ላቢዮባርበስ ብለው የሚጠሯቸው፣ ከካርፕ ወገን የሆኑ ትልልቅ ዓሦች ናቸው። አስጋሪውና ነጋዴው ሁሉንም በአንድነት «ነጭ ዓሣ» ብሎ ይጠራቸዋል። ከእነርሱ ሌላ በሐይቁ ለገበያ የሚፈለጉት ቆሮሶና አምባዛ ናቸው። ከጀርመን የመጣው ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ ጎንደርን በጎበኘ ጊዜ አንዳንዶቹን ነጭ ዓሦች ለሳይንስ አስተዋወቀ። ከዚያም በኢጣሊያ ወረራ ዘመን የነበሩ ተመራማሪዎች ብዙ ስሞች ጨመሩ። በ1973 ደግሞ አንድ እንግሊዛዊ ተመራማሪ ሁሉንም ጠቅልሎ መልኩ የሚለዋወጥ አንድ ዝርያ ነው አለ። ይህ አስተያየት ለሃያ ዓመት ያህል ሲሠራበት ቆየ። ነገሩ የስም ክርክር ብቻ ሊመስል ይችላል፤ ውጤቱ ግን የስም ብቻ አልነበረም። ሁሉም አንድ ዝርያ ከሆነ፣ ከመካከላቸው አንዱ ዓይነት ቢጠፋ ጠፋ ተብሎ አይመዘገብምና።

ይህን ያስተካከሉት በሆላንድ የቫገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦች ሊዮ ናገልኬርከና ፈርዲናንድ ሲቢንግ ናቸው። በ1990ዎቹ ባካሄዱት ምርምር በጣና ውስጥ 15 የተለያዩ ዝርያዎች መኖራቸውን አሳዩ። የኢትዮጵያ ተመራማሪዎችም በዚሁ ዘመን ሐይቁን በስፋት አጥንተዋል፤ ተስፋዬ ውድነህ በባሕር ዳር ሰላጤ የዓሣ ሀብት ላይ በ1998፣ እሸቴ ደጀን ደግሞ በትንንሾቹ ባርበሶች ላይ በ2003 ያቀረቧቸው የዶክትሬት ጽሑፎች የሚታወቁ ናቸው። የ15ቱ ዝርያዎች ነገር በእውነት የሚያስደንቅ ነው። የካርፕ ወገን በመንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም፤ ጨጓራም የለውም፤ የሚያደቅበት ጥርስ በጉሮሮው ውስጥ ነው። እንዲህ ያለ ዓሣ ሌላ ዓሣ አሳዶ መብላት አይሆንለትም ይባል ነበር። ከጣናዎቹ 15 ዝርያዎች ግን ስምንቱ በዋናነት ዓሣ በልተው የሚኖሩ ሆነው ተገኙ። ይህን የሚመስል የካርፕ ወገን ስብስብ በፊሊፒንስ ላናኦ ሐይቅ ይኖር ነበር፤ እርሱ ግን በተለይ ከውጭ በገቡ ዓሦች ምክንያት ጠፍቷል። ጣና ላይ ያለው ቢጠፋ በሌላ ሥፍራ ምትክ የለውም።

በሐይቁ ላይ ዓሣ የማስገር ሥራ ለብዙ ዘመናት በታንኳ ይከናወን ነበር። በዚህ ሥራ የሚታወቁት ከደንገል ታንኳ የሚሠሩት የነገደ ወይጦ ሰዎች ናቸው። ኅብረተሰቡ ሲያገልላቸው የኖረ ቢሆንም የሐይቁን ጠባይ እንደ እነርሱ የሚያውቅ ጥቂት ነው። ታንኳ ከዳር ብዙ አይርቅም፤ ማዕበልም አይችልም። ስለዚህ የሐይቁ መካከልና ሩቅ የሆኑት የወንዝ አፎች፣ ጥልቀቱ ለኮዱ እንደሆነው ሁሉ፣ ለነጭ ዓሣው መሸሸጊያ ሆነው ኖሩ።

በ1986 ነገሩ ተለወጠ። የግብርና ሚኒስቴርና የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከሆላንድ ግብረ ሰናይ ድርጅቶች ጋር ሆነው የጣናን ዓሣ ሀብት ለማልማት አንድ ፕሮግራም ጀመሩ። ዕርዳታውን ካሰባሰቡት መካከል ኡርክ በምትባል የሆላንድ የዓሣ አስጋሪዎች ከተማ የተቋቋመ ድርጅት ይገኝበታል። ኡርክ ቀድሞ ደሴት ነበረች። ሆላንዶች በ1932 ባሕሩን በግድብ ዘግተው ጨዋማ የነበረውን ውኃ ወደ ሐይቅነት ሲለውጡ አስጋሪዎቿ ሥራቸውን ትተው አልተቀመጡም፤ ጀልባቸውን አሳድገው ወደ ሰሜን ባሕር ወጡ። ሞተርና ጠንካራ መረብ ከችግር ያወጣቸው ሰዎች ለሌላውም ሞተርና መረብ ቢመኙ የሚያስገርም አይደለም። ፕሮግራሙ የተጀመረው ከ1984ቱና 1985ቱ ታላቅ ረኀብ ማግሥት መሆኑንም መዘንጋት አይገባም። የሕዝብ ሆድ ባዶ በሆነበት ሀገር በሐይቅ የሞላን ዓሣ ማውጣት መልካም አሳብ ነበር፤ ዛሬም ጥፋት ነበር አንልም። የጎደለው መረቡ የት እንደሚዘረጋ የሚወስን ሥርዓት ነው።

ሞተር ያላቸው ጀልባዎችና ዓሣውን በስንጥቡ የሚይዙ ረጃጅም የናይለን መረቦች ከገቡ በኋላ ምርቱ ወዲያው አደገ። በ1987 በፕሮግራሙ በኩል የተመዘገበው ዓመታዊ ምርት 39 ቶን ነበር፤ በ1997 ወደ 360 ቶን ደረሰ። በአሥር ዓመት ውስጥ ከዘጠኝ እጥፍ በላይ ማደጉ ነው። ይህን አኃዝ ብቻ የተመለከተ ሰው ልማቱ ሠምሯል ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን ዓሣው ከየት እንደመጣ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ከነጭ ዓሣዎቹ ቢያንስ ሰባቱ ዝርያዎች የሚራቡት በሐይቁ ውስጥ አይደለም። ክረምቱ ሲገባና ወንዞቹ ሲሞሉ፣ ከነሐሴ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ፣ ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ ግልገል ዓባይ፣ ወደ መገጭና ወደ ሌሎችም ገባር ወንዞች አፍ ይሰበሰባሉ። እዚያ ቆይተው ድፍርሱን ዋና ወንዝ ሽቅብ ይወጡና፣ ጠጠር ወዳለባቸው ውኃቸው ወደ ጠራ ትንንሽ ወንዞች ገብተው ዕንቁላላቸውን በጠጠሩ መካከል ይጥላሉ። ጠጠሩ ዕንቁላሉን ይሸሽግለታል፤ የሚፈስሰው ውኃም አየር ያቀብለዋል። የተፈለፈሉት ጫጩቶች ዝናቡ ካባራ በኋላ ቀስ በቀስ ወደ ሐይቁ ይወርዳሉ። ይህ ዓሣ ለአካለ መጠን ለመድረስ ዓመታት ይፈጅበታል፤ የሚራባውም በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ቆሮሶ ከዚህ ይለያል። እርሱ በዳር ባለው ሣርና ደንገል አጠገብ በዓመት ደጋግሞ ይራባል፤ ዕንቁላሉንና ጫጩቱንም በአፉ ይዞ ይጠብቃል። ስለዚህ ቆሮሶ የሚችለውን ነጭ ዓሣ አይችለውም።

ሞተር ያለው አስጋሪ ነጭ ዓሣ ለመያዝ ሐይቁን ሁሉ ማሰስ አያስፈልገውም። በነሐሴና በመስከረም ወደ ጉማራ አፍ መሄድ ይበቃዋል፤ ዓሣው ራሱ ተሰብስቦ ይጠብቀዋልና። ከባሕር ዳር የሚነሡት ጀልባዎችም ያደረጉት ይህንኑ ነው። መረቡ የሚያነሣው ዕንቁላል የተሸከመችውን እናት ገና ሳትጥል ነው። የፍልሰታ ጾም የሚውለው በነሐሴ መጀመሪያ መሆኑ ደግሞ የዘመኑን መገጣጠም ያሳያል። ዓሣ በጾም በሚበላበት ከተማ ፍላጎቱ ከፍ የሚልበትና ዓሣው ወደ ወንዙ የሚሰበሰብበት ጊዜ አንድ ላይ ይወድቃሉ።

ማርቲን ደ ግራፍና የሥራ ባልደረቦቹ በ2004 ባሳተሙት ጥናት የተገኘው ውጤት ይህን ሥጋት አረጋገጠ። ተመራማሪዎቹ በ1990ዎቹ መጀመሪያና ከአሥር ዓመት በኋላ የተሰበሰቡ መረጃዎችን ሲያነጻጽሩ የነጭ ዓሣው ሀብት በክብደት ወደ 75 በመቶ ገደማ ቀንሶ አገኙት። ጫጩቶቹ ደግሞ ወደ 90 በመቶ ያህል ቀንሰው ነበር። ሁለተኛው አኃዝ ከመጀመሪያው ይልቅ ይከብዳል። ትልልቆቹ ብቻ አንሰው ቢሆን መረቡ ለጥቂት ጊዜ ሲነሣ ይተኩ ነበር፤ የጫጩቶቹ መመናመን ግን ተተኪው ትውልድ አለመወለዱን ያመለክታል። ጥናቱ ገና ከርእሱ መመናመኑ የተፈጥሮ መለዋወጥ ነው ወይስ የሰው ሥራ ብሎ የጠየቀ ሲሆን፣ ዋናው መንሥኤ ለመራባት በተሰበሰበው ዓሣ ላይ የሚደረገው ማስገር ነው ወደሚለው መደምደሚያ አዘንብሏል። ከኮዱ ጋር ያለው ተመሳሳይነትም እዚህ ላይ ነው። ምርቱ ዘጠኝ እጥፍ ያደገበት አሥር ዓመትና ጫጩቶቹ የመነመኑበት አሥር ዓመት በአብዛኛው አንድ ዘመን ነው።

ሁሉንም ጥፋት በሞተር ጀልባው ላይ መጫን ግን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። በወንዞቹ ዳር የሚኖረው ገበሬም ዓሣው ሽቅብ በሚወጣበት ወቅት የብርብራ ፍሬ ወቅጦ በውኃው ውስጥ ይበትናል። ብርብራ ዓሣን አደንዝዞ ያንሳፍፋል፤ ትልቁንም ትንሹንም አይመርጥም። ልማዱ ጥንታዊ ነው፤ ሕዝቡ ጥቂት፣ ወንዙ ብዙ በነበረበት ዘመን ጉዳቱ አይታይም ነበር። ከዚህ በቀር ለመስኖ የሚጠለፈው ውኃ፣ ከወንዙ የሚወሰደው ጠጠርና አሸዋ፣ በርብ ወንዝ ላይ የተሠራውን የመሰለ ግድብ፣ ከተራቆተው መሬት ታጥቦ የሚመጣው ደለል ዓሣው ዕንቁላሉን የሚጥልበትን ሥፍራ ያጠባሉ ወይም ይዘጋሉ። በ1996 ሥራ የጀመረው የጨረጨራ ግድብና በ2010 የተከፈተው የጣና በለስ የኤሌክትሪክ ማመንጫ የሐይቁን ውኃ ከፍታ ከተፈጥሮ ሥርዓቱ አውጥተውታል። በ2011 በሐይቁ ላይ መኖሩ የታወቀው እምቦጭ ደግሞ በተለይ የሰሜንና የምሥራቅ ዳርቻውን አልብሶታል። ስለ እምቦጭ ብዙ ተብሏል፣ በውጭ ያለነውም ገንዘብ አዋጥተንበታል፤ የሚታይ ጠላት ነውና። በውኃ ውስጥ የሚያልቀው ዓሣ ግን ፎቶግራፍ አይነሣም።

ነጭ ዓሣው ባነሰ ጊዜ አስጋሪው ምን አደረገ? የሚጠበቀውን አደረገ። ወደ ቆሮሶው ዞረ፤ የመረቡን ዓይን አጠበበ፤ ርካሽ የሆነውንና በውኃ ውስጥ የማይታየውን ከአንድ ክር የተሠራ ስስ መረብም ማዘውተር ጀመረ። ይህ መረብ ሲበጠስ በውኃው ውስጥ ስለሚቀርና ስለማይበሰብስ ማንም የማያነሣውን ዓሣ እየያዘ ይቆያል። የፌዴራሉ መንግሥት በ2003 የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315ን አውጥቷል፤ የአማራ ክልልም የራሱን አዋጅ ደንግጓል። ስለ መረብ ዓይነት፣ ስለ ማስገሪያ ሥፍራና ስለ ወቅት ለመወሰን የሚያስችል ሥልጣን በሕግ አለ ማለት ነው። አስቸጋሪው ጥያቄ ሌላ ነው። በነሐሴና በመስከረም መረብ አትዘርጋ የተባለ ሰው እነዚያን ወራት ልጆቹን ምን ያብላቸው? የካናዳ መንግሥት ኮዱን ሲከለክል ሥራ ለፈቱት ሰዎች ድጎማ ከፍሏል፤ በ1994 የጀመረው አንዱ ፕሮግራም ብቻ ወደ ሁለት ቢሊዮን የካናዳ ዶላር ገደማ ወጪ ጠይቋል። ለታንኳ ቀዛፊውና በዕለት ገቢ ለሚኖረው የጀልባ ሠራተኛ የሚከፍል እንዲህ ያለ ካዝና የለም። ክልከላውን በትክክል የሚጠብቀው ድኻ ሲሆን የሚጥሰውም ድኻ ነው፤ ይህንን ሳያነሡ ስለ ጥበቃ ማውራት የሐይቁን ዳርቻ ሰው አለማወቅ ይመስለናል።

ከምንኖርበት አካባቢ ሁለት ምሳሌዎች

የቴክሳስን ነገር የምናነሣው ሀብታም ሀገር ምሳሌ ይሁነን ብለን አይደለም፤ ጉዳዩ በቅርባችን ስላለ ነው። በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ሬድፊሽ የሚባል፣ ዕድሜው እስከ አርባ ዓመት የሚደርስ ዓሣ አለ። በ1980ዎቹ በኒው ኦርሊንስ ፖል ፕሩዶም የተባለ ወጥ ቤት ይህን ዓሣ በቅመም አጥቁሮ መጥበስን በመላው አሜሪካ አስወደደ። ፍላጎቱ ሲያይል መርከቦች በአውሮፕላን እየታገዙ በጥልቁ ባሕር የሚሰበሰበውን የትልልቆቹን ወላጆች መንጋ ይከብቡ ጀመር። አንድ ምግብ በፋሽን ሲወደድ አንድ የዓሣ ወገን ምን ያህል በፍጥነት ለአደጋ እንደሚጋለጥ ይህ ያሳያል። ቴክሳስ ሬድፊሽን ለገበያ ማስገርን ቀድማ በ1981 በሕግ አግዳ ነበር፤ የፌዴራሉ መንግሥትም ከ1986 ጀምሮ በጥልቁ ባሕር የሚደረገውን አስቆመ። ዓሣው ተርፏል። ዛሬ በምግብ ቤት የሚቀርበው ሬድፊሽ በአብዛኛው በኩሬ የረባ ነው። የተረፈበት ምክንያት ወላጆቹ መንጋ ገና ሳያልቁ እገዳው በመድረሱ ነው። ካናዳ ሀብቱን ለዘመናት የሚያውቅ ሚኒስቴር እያላት ዘገየች፤ እዚህ ግን ለመዝናናት ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች ማኅበር ሠርተው ስለጮኹ ሕጉ ቀደመ። የተሰሚነት ነገር ነው። የኒውፋውንድላንድ ባለ ትንንሽ ጀልባዎች፣ የጣናም ባለ ታንኳዎች ይህን ተሰሚነት አላገኙም።

ሁለተኛው ምሳሌ ይበልጥ ይቀርበናል። ከዳላስ ወደ ሰሜን አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ሲነዳ ቴክሶማ ሐይቅ ይገኛል። በ1944 በተጠናቀቀው የዴኒሰን ግድብ የተፈጠረ ሲሆን ከሀገራችን ልጆችም ቅዳሜ ቅዳሜ መንጠቆ ይዘው የሚሄዱ አሉ። እዚያ የሚፈለገው ስትራይፕድ ባስ የሚባል፣ በ1960ዎቹ ከውጭ መጥቶ የተለቀቀ ዓሣ ነው። ይህን ዓሣ በሌሎቹ የቴክሳስ ሐይቆች ለማቆየት ጫጩቱን በእርባታ ጣቢያ እያፈሉ መልቀቅ ያስፈልጋል። በቴክሶማ ግን ራሱ ይራባል። ምክንያቱም ዕንቁላሉ እስኪፈለፈል ድረስ ለሁለት ቀን ያህል በሚፈስስ ውኃ ላይ መንሳፈፍ ስላለበት፣ ወደ ሐይቁ የሚገቡት ሬድ ሪቨርና ዋሺታ የተባሉት ወንዞች ለዚህ የሚበቃ ያልተገደበ ርዝመት አላቸው። ሐይቁ ሰው ሠራሽ፣ ዓሣውም መጤ ነው፤ ሆኖም ወንዙ ክፍት በመሆኑ ይተካል። በዚያ ላይ አንድ ሰው በቀን ከአሥር በላይ መያዝ አይፈቀድለትም፤ ከአሥሩም ቁመታቸው ሃያ ኢንችና ከዚያ በላይ የሆነው ከሁለት ሊበልጡ አይችሉም። ትልቋ እናት የምትጥለው ዕንቁላል ከትንሿ እጅግ የሚበልጥ ነውና ደንቡ ከሁሉ በፊት እርሷን ይጠብቃል። አንዳንዱ ወገናችን ጠባቂው በማስመሪያ ዓሣ ሲለካበት ይቆጣል፤ «ሃያና ሃያ አንድ ምን ለየው» ይላል። ልዩነቱ ይኸው ነው።

ጣናን በተመለከተ ቴክሳስን መቅዳት አይቻልም፤ እያንዳንዱን ታንኳ የሚለካ ጠባቂ ከየት ይገኛል? ነገር ግን የጣናው ችግር በአንድ በኩል ከሌላው ይቀላል። ነጭ ዓሣው የሚጎዳው በሐይቁ ሁሉና በዓመቱ ሁሉ ሳይሆን በጥቂት ወንዞች አፍ በጥቂት ወራት ውስጥ ነው። ሦስት ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር መጠበቅ አይቻልም፤ የጉማራን፣ የርብንና የግልገል ዓባይን አፍ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት መጠበቅ ግን የሚቻል ይመስለናል። ጠባቂዎቹም ከዚያው ከአስጋሪዎቹ መካከል ተመርጠው በእነዚያ ወራት ደመወዝ ቢከፈላቸው፣ ክልከላው ከሚያጎድልባቸው እንጀራ በከፊል ይመለስላቸዋል። ሦስት ወር ለጥቂት መቶ ሰው መክፈል በእምቦጭ ነቀላ ስም በውጭ ሀገር ከተሰበሰበው ገንዘብ አንጻር የማይደፈር ወጪ አይደለም።

የዚህ ሥራ ውጤት የሚለካው ግን በባሕር ዳር ወደብ በሚራገፈው ዓሣ መሆን የለበትም። ወደቡ በ1997ም ሞልቶ ነበር። መቆጠር ያለበት ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ከወንዞቹ አፍ አጠገብ ዓይኑ በጠበበ መረብ ተይዞ ተለክቶ የሚለቀቀው፣ ከጣት የማይበልጠው ጫጩት ነው።